የሊን ኩላሊት፣ የደግፌ ወገብ

ለውድ እህቴ ለእታፈራሁ፤

እታለሜ፣ እንዴት ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ጠዋት ጠዋት የሚያስመልስሽ ነገር ተወሽ ወይስ አሁንም ያንገላታሻል? እማዬስ እንዴት ናት፣ ጉልበቷ ቤተ ክርስቲያን ያደርሳታል? ኪዲ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? ጎረቤታችን ጋሽ ንዋይ ከነቤተሰባቸው ደህና ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁና ከተሰበረው የቀኝ እጄ ጣት በቀር ደህና ነኝ። ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረችው ቢመስልሽ ጣቴን እንጂ ያስተማርሽኝን ፊደል አትውቀሺ።

ስለ ጣቴ ከእኔ ሳትሰሚ እዚህ ለንደን ኬንቲሽ ታውን ሰፈር የምትኖረው እህተማርያም እንደቀደመችኝ አውቃለሁ። እሷ የምትሳለምበት ቤተ ክርስቲያን አንድ ሰው ቢያነጥስ ኮምቦልቻ ላይ «ይማርህ» ይባላል። «ወንድይራድ ቻይና ገደለ» ብላ አስወራች አሉ። አልገደልኩም። መንጋጋውን ነው የሰበርኩት። ይጸጽትሃል ወይ ብትዪኝ አይጸጽተኝም፤ የሚቆጨኝ የመታሁበት ጭልፋ መቅለሉ ብቻ ነው።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ግን ለራሴ ልከራከር ብዬ አይደለም። ስለ ባልሽ ስለ ደግፌ ነው። ባለፈው ስትደውዪልኝ ወገቡን እንደሚያመው፣ ወጌሻው በቅቤ ሲያሸው ከርሞ ምንም እንዳልለወጠው፣ አሁን ደግሞ ጠበል መግባቱን ነገርሽኝ። መዳፉና የውስጥ እግሩ ዝንጉርጉር ብሎ ሲላላጥ «የጅቡቲ መንገድ ናፍታ ነው» እንዳለሽም ነገርሽኝ። አንቺ እየሳቅሽ ወሬ ለወጥሽ፣ እኔ ግን ከዚያ በኋላ የተናገርሽውን አንዱንም አልሰማሁም። ከኪዲ በኋላ ሁለት ልጅ ውኃ ሆኖ ቀርቶብሻል። ሦስተኛው አሁን ሆድሽ ውስጥ ነው። እንደዚያ ያለ መዳፍ እዚህ በዓይኔ አይቻለሁና፣ የማን እንደነበረና ምን እንዳስከተለ ልንገርሽ። ከወገብ በታች ያለ ነገር ለታላቅ እህት መጻፍ ነውር ነው። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እጽፈዋለሁ፣ አንቺ ግን ዓይንሽን ገልጠሽ አንብቢው።

የምሠራው ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ከሚባል ሰፈር አጠገብ ባለ የቻይና ምግብ ቤት ኪችን ውስጥ ነው። በ97 ምርጫ ማግስት ከአገር ወጥቼ እዚህ ስደርስ ሰሃን በማጠብ ጀመርኩ፣ ዛሬ ሥጋና አትክልት እከትፋለሁ። ከእኔ በቀር ሠራተኛው ሁሉ ፉጂያን ከሚባል የባሕር ዳርቻ የመጣ ወንድ ነው። ሚስቱን ትቶ ያልመጣ የለም፣ ሁሉም አንድ ቤት ተደራርበው ይኖራሉ። ሊን ከጎኔ የሚከትፈው ነው። ከአገሩ ሲወጣ ሴት ልጁ ገና ትድህ ነበር፣ አሁን የአጎቷ ቤት ሆና ኮረዳ ሆናለች። ወረቀት እስኪሰጡት ድረስ ፖሊስ ባየ ቁጥር መንገድ ይሻገር ነበር። የእሱ እንግሊዝኛና የእኔ እንግሊዝኛ ሁለት አንካሶች ተደጋግፈው እንደሚሄዱ ነው፣ ብቻ እንግባባለን።

ዋናው ወጥ ሠሪ ሁዋንግ ይባላል። አንገቱ የበሬ ነው። በዚያ ኪችን ውስጥ ዱላ እንደ ንግግር ነው የሚቆጠረው። ሽንኩርቱ ከወፈረ በሰፊው ቢላ ጎን ማጅራትሽን ይልሻል። ሩዙ ካረረ ድስቱን ከነትኩሱ እግርሽ ሥር ይወረውረዋል። እኔን አንድ ቀን ሊሞክረኝ ሲል ቢላዬን እያየሁ ስሜን ተረጎምኩለት፣ ወንድ የሚያርድ... ይቅርታ፣ ወንድ የሚያርበደብድ ማለት ነው አልኩት። ሳቀ፣ ከዚያ ወዲህ ግን እጁን ወደ እኔ አልሰነዘረም። የእኔ ድርሻ ሁሉ ሊን ላይ ነበር የሚያርፈው። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል።

ሰኞ ሰኞ ምግብ ቤቱ ዝግ ነው። ሁዋንግ በዚያ ቀን ሰዎቹን አስከትሎ ሴት ወደምትሸጥበት ቤት ይሄዳል። አልሄድም ያለውን «ኩላሊትህ ሞቷል» ይሉታል። ነገሩን መጀመሪያ አልተረዳሁትም ነበር። በእነሱ አገር የወንድ ወንድነቱ ኩላሊቱ ውስጥ ነው፣ እኛ ወገብ እንደምንለው መሆኑ ነው። ሊን ሚስቴ አለች እያለ ዓመታት ተሰድቦ ኖረ። ዘንድሮ በአዲስ ዓመታቸው ዕለት ጠጥተው ሲሰክሩ ሁዋንግ አንገትጌውን ይዞ እየጎተተ፣ ሰው እያየ በጥፊ እያጮለው ወስዶ እዚያ ቤት የአንዲት ሴት ክፍል ውስጥ ወረወረው። ሲወጣ አጨበጨቡለት። ይህን የነገረኝ ሥጋ ማቀዝቀዣው ክፍል ውስጥ ቆመን ነው፣ አፍንጫው የሚፈሰው ከብርዱ ይሁን ከልቅሶው አልለየሁም። ስቆ ነበር ያወራኝ፣ እንደ ጀብዱ። እኛም እኮ ሰው ተደፍሮ ሲመለስ «ወንድ ሆነ» ብለን እናጨበጭባለን።

ከዚያ በኋላ አንድ ቁስል ወጣበት፣ በራሱ ጊዜ ዳነ። ተገላገልኩ ሲል መዳፉ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ወጣበት፣ ውስጥ እግሩም እንደዚያው። ሁዋንግ «የሰሃን ሳሙና ነው» አለው። አንድ ሥራ ሥር ሻጭ ደግሞ ኩላሊትህ ደክሟል ብሎ ቅጠልና ሥር አስታቀፈው። ያንን እያፈላ ሲጠጣ ኪችኑ እርጥብ ፍየል የታሰረበት ይመስል ነበር። በዚህ መሐል የሚስቱ ቪዛ ወጣ። ሰውየው ደስ ይለዋል ስል እንቅልፉ ጠፋ። «ኩላሊቴ፣ ኩላሊቴ» ይለኛል፣ ሚስቱ ስትመጣ አጠገቧ መተኛት ፈርቶ ነበር። ስቶክዌል በቤቴ አቅራቢያ ወዳለ ክሊኒክ ይዤው ሄድኩ።

እዚያ አስተርጓሚ በስልክ ነው የሚያገናኙት። ስልኩ ሲከፈት የሴት ድምፅ ወጣ፣ ያውም የራሱን መንደር ቋንቋ የምትናገር። ሊን በስልክ እንደምታየው ሁሉ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፣ የአንገት ቁልፉን ቆለፈ፣ እጆቹን ኪሱ ከተተ። እንዴት አድርጎ ያንን ለአገሩ ልጅ፣ ለሴት ይንገራት? «ኩላሊቴ ደክሟል» አለ። እሷም እንዳለ ተረጎመችው። ሐኪሙም የኩላሊት ምርመራ አዘዘ። ውጤቱ ሲመጣ ኩላሊቱ የጎረምሳ ኩላሊት ነው ተባለ። ሊን ከበሩ ወጥቶ መንገድ ላይ አቀፈኝ፣ እየዘለለ «ኩላሊት ጉድ! ዋይፍ ካም!» ይላል። በዚያ መዳፉ ጉንጬን ዳበሰኝ።

እታለሜ፣ እኔ እንደምታውቂኝ ንዴት አይመክረኝም። ወገቡን ያመመው የኛ ሰፈር ወንድ ሁሉ ፊቴ ድቅን አለ። እንደ ሁዋንግ እኔም አንገትጌውን ይዤ እየጎተትኩ ወደ ክሊኒኩ መለስኩት፣ ሰው ሁሉ ቆሞ ያየናል። «አንተ ግትር፣ ወገብህን እኮ ነው!» ብዬ በአማርኛ ስጮህበት አንዲት ነርስ ከክፍሏ ብቅ አለች። ዳናዊት ትባላለች፣ እናትና አባቷ የኛ ሰዎች ናቸው፣ እሷ እዚሁ ለንደን የተወለደች ናት። «ሶሪ፣ አበሻ ነህ? ወገብ ስትል... ዩ ሚን፣ ታች?» አለችኝ። አዎ ስላት ግንባሯን ይዛ ሳቀች። «ኦ ማይ ጋድ፣ ማሚም ሁሉንም ነገር ወገቤን ነው የምትለው፣ እኔ ፎር ዪርስ ባክ ፔይን፣ የጀርባ ሕመም መስሎኝ ነበር» አለች። ክፍሏ አስገባችንና ለአስተርጓሚ የተከፈተውን ስልክ ዘጋችው። የሊንን እጅ ከኪሱ አውጥታ መዳፉን ወደ ላይ ገለበጠችው። ከዚያ በኋላ አልሳቀችም።

ደሙ ሲመረመር ሲፊሊስ ሆኖ ተገኘ። በአማርኛ ምን እንደሚባል አታውቅም ነበርና እኔ ነገርኳት፦ ቂጥኝ። በመርፌ ይድናል አለች፣ ወዲያው ወጋችው። ካልታከመ ግን ከባል ወደ ሚስት ይሄዳል፣ እርጉዝ ሴት ከያዘ ፅንሱን ሆድ ውስጥ ይገድለዋል፣ ወይም ልጁ በሽታውን ይዞ ይወለዳል አለችኝ። ሴትዮዋ ምንም ሕመም ሳይሰማት ልጅ በልጅ ላይ ልታጣ ትችላለች አለችኝ። ያኔ የአንቺ ሁለቱ ትዝ ብለውኝ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳሉ ብለን ስንተርት ምን እንደሚቀዱ አላሰብንም።

ነርሷ ሊንን፣ እዚያ ቤት የሄዱ ጓደኞችህም ይመርመሩ ብላው ነበር። የዋህ ነውና ሄዶ ለሁሉም ነገራቸው። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ኪችኑ በትዕዛዝ ተጨናንቆ ሳለ፣ ሁዋንግ እሳቱን ትቶ መጣ። ሁለት የእንግሊዝኛ ቃል ጣል ሲያደርግ ሰማሁት፣ «ማይ ኔም» አለ። ስሜን ለመንግሥት ሰጠህ ማለቱ ነበር። ሊን አልሰጠሁም እያለ ወደ ኋላ ሲሸሽ አንጓውን ያዘው። ሳሙና ያላጠራውን እሳት ያጠራዋል አለና፣ ይህን ኋላ ሊን ነው የተረጎመልኝ፣ ያንን የቆሰለ መዳፍ በጋለው ምድጃ ብረት ላይ አጣበቀው። ጩኸቱን ልጽፍልሽ አልችልም። ሽታው ከምንጠብሰው ሥጋ ሽታ አልተለየም። የቀሩት ወንዶች ቢላቸውን እንደያዙ ቆመው ያያሉ።

የረጅሙን ጭልፋ እጀታ ይዤ ሁዋንግ መንጋጋ ላይ አሳረፍኩበት። አልለቀቀም። ደገምኩት፣ ያኔ ጥርሱ ዘይቱ ውስጥ ሲገባ ሰማሁ። ሊንን ለቆ ወደ እኔ ዞረ፣ ወለሉ ቅባት ነው፣ ሁለታችንም ተያይዘን ወደቅን። ጉሮሮዬን በጉልበቱ ተጫነኝ፣ ጣቴን በጫማው ተረከዝ ፈጨው። ልሞት ነው ብዬ ነበር። ሊን ባልተቃጠለው እጁ የፈላ የሩዝ ውኃ ጀርባው ላይ ባይደፋለት ኖሮ ይህን ደብዳቤ አንቺ አታነቢም። ፖሊስ ሁላችንንም ለቃቅሞ ወሰደን። እኔ በቤይል፣ በዋስ መሆኑ ነው፣ ወጥቻለሁ፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ አለኝ። ያ ፖሊስ ባየ ቁጥር መንገድ ይሻገር የነበረ ሰው እጁን በፋሻ ጠቅልሎ በራሱ እግር ጣቢያ ሄዶ የሆነውን ሁሉ፣ በሽታውን ጭምር፣ ሳያፍር ነገራቸው። ጠበቃዬ ያተርፍሃል የምትለኝ የእሱ ቃል ነው።

ሚስቱ ባለፈው ሳምንት መጣች። ሻንጣ ማንሳት ስለማይችል አብሬው ኤርፖርት ሄድኩ። አውሮፕላን ሳትሳፈር በፊት በስልክ ነግሯት ነበር። እኔ አትንገራት ብዬው ነበር፣ ከታከምክ ወዲያ ምን አገባት ብዬ። እምቢ አለኝ። ደቃቃ ሴት ናት። ሻንጣዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች፣ ጫማዋን አወለቀችና ፊቱን ትለው ጀመር። ሰው ተሰበሰበ። እሱ እጁን አላነሳም፣ አልተከላከለም፣ ከንፈሩ እየደማ ቆሞ ተመታ። ጥበቃው ሊይዛት ሲሮጥ ሊን መሐል ገብቶ «ኖ፣ ኖ፣ ማይ ዋይፍ ራይት» አለው። ሲደክማት ፋሻውን አየች፣ እጁን ስባ ፈታችው። ውስጡን ስታይ አንድ ነገር ብላ ረገመች፣ የረገመችው እሱን ይሁን ሁዋንግን አልጠየቅሁም። በማግስቱ ሁለቱም ዳናዊት ዘንድ ሄዱ።

እኔ በዚያ ቀን በሊን ቀናሁ እታለሜ። ከወንድ ጋር ነው ያደግሁት፣ ሲማታ እንጂ ጥፋቱን ተናግሮ ቆሞ ሲመታ አይቼ አላውቅም።

እሑድ ዕለት ለደግፌ ደወልኩለት። በትሕትና ነው የጀመርኩት፣ ምስክሬ እግዚአብሔር ነው። መዳፍህን አሳይ፣ ደምህን ተመርመር አልኩት። መጀመሪያ ናፍታ ነው አለኝ። አይደለም ስለው፣ አፋር በረሃ የጋለ ድንጋይ ላይ ሸንቼ ሙቀቱ ወገቤ ገብቶ ነው አለኝ። ናፍታው ድንጋይ ሲሆንብኝ ያን ጊዜ ነው ያረጋገጥኩት። ደግፌ ራሱ ያውቃል። አንቺ ጠበል ጠበል ስትዪ እሱ ያውቃል። ከዚያ ቻይና ብልግና አስተማረህ ብሎ ሰደበኝ፣ በመጨረሻም «ይህ ወሬ እሷ ጆሮ ቢደርስ የማን አጥንት እንደሚሰበር ታያለህ» ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ። ለዚህ ነው ባንቺ ስልክ ያልደወልኩት፣ ከጠበል ሲመለስ ማን እንደደወለልሽ ስልክሽን ከፍቶ እንደሚያይ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ይህን ወረቀት በሰው እጅ፣ ለእረፍት በምትመጣው በውብነሽ እጅ፣ ለአንቺ ብቻ ስጪ ብዬ የላክሁት። ግንባርሽ ላይ ያለው ጠባሳ የበር ነው ስትዪን ሁላችንም ሰምተን ዝም ብለናል። እኔ ከእንግዲህ ዝም አልልም።

አሁን የምልሽን ስሚኝ። ደግፌን አትጠይቂው፣ ፈቃዱንም አትጠብቂ። ከጠበል ሳይመለስ የጋሽ ንዋይን ሚስት ዓይናዲስን ይዘሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ። እዚያ ስትደርሺ ወገቤን አትበዪ፣ ወገብ ካልሽ የሕመም ማስታገሻ ሰጥተው ይመልሱሻል። ቂጥኝ በዪ። በስሙ ጥሪው፣ ባሌ መዳፉ እንዲህ ሆኗል፣ ሁለት አስወርዶኛል፣ እርጉዝ ነኝ፣ የቂጥኝ ምርመራ አድርጉልኝ በዪ። ኤች አይ ቪውንም አብረሽ ተመርመሪ። ነርሷ ፊቷን ብታጠቁርብሽ ፊቷን አትዪ፣ ክንድሽን ስጫት። ካለብሽ መርፌውን ተወጊ፤ ልጁም በአንቺ በኩል ይታከማል። እሱ እስኪታከም ድረስ አልጋሽ ላይ አይውጣ። ይህን በማለትሽ ኃጢአት የለብሽም፣ ካስፈለገ እኔ ልሸከመው።

እጁን ቢያነሳ ኪዲን ይዘሽ ጋሽ ንዋይ ቤት ግቢ። ይህን ደብዳቤ አትቅደጂው፣ ለጋሽ ንዋይ ስጪያቸው፤ ቢያፍሩም ይፈሩ፣ ግን ያንብቡት። ምንም ካልተገኘብሽ ለደግፌ ደውዬ፣ ስልኩን ይዤ ተንበርክኬ፣ አንተ ጨዋ እኔ ባለጌ ብዬ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። በሕይወቴ እንዲህ ተዋርጄ ይቅርታ መጠየቅ ተመኝቼ አላውቅም።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፣ ስለ ጣቴ በር ቀረጠፈው በያት። ኪዲን ዓይን ዓይኗን ሳሚልኝ፣ የጠየቀችኝን ቀለም ውብነሽ ይዛላታለች። ጋሽ ንዋይን ከነልጆቻቸው፣ ዓይናዲስን ደግሞ ከሁሉም አስበልጠሽ ሰላም በዪልኝ። ደግፌን ሰላም በዪው አልልሽም፣ መርፌውን የተወጋ ዕለት ሰላምታዬን ራሴ እልክለታለሁ።

ሆድሽ ውስጥ ላለውም ሰላምታ አለኝ። ከእሱ በፊት የነበሩትን ሁለቱን ሰላም ሳልላቸው ሄደዋል፣ ገና ናቸው ብዬ። ለዚህኛው ግን ይህን ባነበብሽ ማግስት ጠዋት ጤና ጣቢያ ወረፋ ስትጠብቂ እጅሽን ሆድሽ ላይ አድርገሽ፣ አጎትህ ወንድይራድ ሰላም ብሎሃል በይው።

ታናሽ ወንድምሽ ወንድይራድ
ስቶክዌል፣ ለንደን
ሰኔ 14 ቀን 2002 ዓ.ም.